ስቴኪኒውን ያስቀምጡት፤ የራውተሩን ቁጥር ስልክዎ ያውቀዋል

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ ሄርማታ ነው። ግቢዬ ውስጥ አራት ክፍል ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አከራያለሁ። ዋይፋዩን ያስገባልኝ ትልቁ ልጄ ነበር፤ አሁን ሥራ ይዞ አዲስ አበባ ገብቷል። ፓስወርዱን የቀድሞ ተከራዮችም ጎረቤቶችም ያውቁታል መሰለኝ፣ ማታ ማታ ቪዲዮ እንኳ አይከፍትም። ልቀይረው ብዬ 192.168.1.1 ስልኬ ላይ ጻፍኩ። አንዴ የጉግል ዝርዝር ያመጣል፣ አንዴ ገጹ አልተገኘም ይላል። ልጄም ከአዲስ አበባ ሆኖ ሞክሮ እምቢ አለው። ስልክ የሚጠግን ልጅ ደግሞ ከዋይፋዩ ሳጥን ኋላ ያለችውን ቀዳዳ በስቴኪኒ ተጫኛት፣ ሪሴት ይሆንልሻል አለኝ። ልጫናት? ልጄ፣ ቀስ አድርገህ አስረዳኝ።»

ምላሽ፦ እናቴ፣ አይጫኗት። ስቴኪኒውን ያስቀምጡት። ራውተርዎ፣ ዋይፋዩን የሚረጨው ሳጥን ማለቴ ነው፣ የተበላሸ አይመስለኝም። ወይ የጻፉት ቁጥር የእርስዎ ራውተር ቁጥር አይደለም፣ ወይ ቁጥሩ ልክ ሆኖ ስልክዎ ጥያቄውን ወደ ሌላ ቦታ ይዞት ሄዷል። ሁለቱም ያለ ሪሴት፣ ማለትም ሳጥኑን ከፋብሪካ እንደወጣ ሳያደርጉ፣ ይፈታሉ።

መጀመሪያ ስለ ቁጥሩ። ይህ ቁጥር ፓስወርድ የሚቀየርበትን የራውተሩን ገጽ የሚከፍት አድራሻ ነው። 192.168.1.1 ሰው ሁሉ አፍ ላይ ስላለ የሁሉም ራውተር ቁጥር ይመስላል። አይደለም። ቁጥሩን የሚመርጠው ፋብሪካው ነው። ቲፒ-ሊንክ ብዙ ጊዜ 192.168.0.1 ነው። የሁዋዌ የፋይበር ሳጥን ብዙ ጊዜ 192.168.100.1 ነው። ሲም ካርድ የሚገባበት የሁዋዌ ዋይፋይ ደግሞ 192.168.8.1 ይሆናል። በዚያ ላይ የገጠመው ሰው ቁጥሩን እንደፈለገ ሊቀይረው ይችላል፤ ልጅዎም ቀይሮት ይሆናል። ስለዚህ ከዚህም ከዚያም ቁጥር እየለቀሙ መሞከር ጊዜ መፍጀት ነው። ትክክለኛውን ቁጥር የሚያውቅ ነገር እጅዎ ላይ አለ። ስልክዎን ይጠይቁት።

ስልክዎ ከዋይፋዩ ጋር ሲገናኝ ራውተሩ ሁለት ነገር ይነግረዋል። አንደኛ፣ «አንተ በዚህ ቤት ውስጥ ቁጥርህ ይህ ነው» ይለዋል። ሁለተኛ፣ «ወደ ውጭ መውጣት ስትፈልግ በሩ እኔ ነኝ፣ የእኔ ቁጥር ደግሞ ይህ ነው» ይለዋል። ይህ የበር ቁጥር በስልኩ ቋንቋ «ጌትዌይ» ይባላል። እኛ የምንፈልገው እሱን ነው።

አሁን ስልክዎን ይያዙና ከቤትዎ ዋይፋይ ጋር መገናኘቱን ያረጋግጡ። ሴቲንግ ይግቡ። ዋይፋይ የሚለውን ይንኩ። የቤትዎ ዋይፋይ ስም ከላይ ተጽፎ ያገኙታል። ከስሙ ጎን ጥርስ ያላት ክብ ምልክት ወይም ትንሽ ቀስት አለች። እሷን ይንኩ። ከዚያ ወደ ታች ይውረዱ። አንዳንድ ስልክ ላይ «ተጨማሪ» የሚለውን መክፈት ያስፈልጋል። «ጌትዌይ» የሚል ቃል ከነቁጥሩ ያያሉ። አይፎን ከሆነ ሰማያዊ ክብ ውስጥ ያለችውን «አይ» ፊደል ይንኩ፤ እዚያ ላይ «ራውተር» ብሎ ነው የሚጽፈው። ተከራዮችዎ ዊንዶውስ ያለበት ላፕቶፕ ካላቸው ደግሞ አንዱን «ሲኤምዲ ከፍተህ አይፒኮንፊግ ጻፍልኝ» ይበሉት። «ዲፎልት ጌትዌይ» ከሚለው ፊት ያለው ቁጥር ነው። ያገኙትን ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፉት።

ስልክዎ ጌትዌይ የሚለውን ባያሳይ እንኳ «አይፒ አድሬስ» የሚለውን ያሳያል። እሱ የስልክዎ የራሱ ቁጥር ነው። ለምሳሌ 192.168.100.14 ቢል፣ የመጨረሻውን 14 አውጥተው በቦታው 1 ያድርጉ። ሁልጊዜ ባይሆንም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ቁጥሩ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ግን ስልክዎ ከራውተሩ ቁጥር አልተሰጠውም ማለት ነው። ራውተሩን ከሶኬት ነቅለው፣ አንድ ደቂቃ ቆይተው ይሰኩትና እንደገና ይሞክሩ። ነቅሎ መሰካት ሪሴት አይደለም፣ ምንም አያጠፋም።

ልጅዎ ከአዲስ አበባ ሲሞክር ለምን እምቢ እንዳለው ልንገርዎት። ይህን የተረዳ ሰው ቀሪው ሁሉ ይቀለዋል። አንድ ሰው ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጅማ ቢገባና «የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ሁሉም ጅሬን ብሎ ያሳየዋል። ከየትም ይምጣ፣ ቦታው አንድ ነው። የትልልቅ ድረ ገጾች አድራሻ እንደዚያ ነው። በ192.168 የሚጀምር ቁጥር ግን እንደ ጓዳ ነው። ጓዳ በየቤቱ አለ። «ጓዳ ግባ» ሲባል የሚገባው የቆሙበት ቤት ጓዳ ነው። ልጅዎ አዲስ አበባ ሆኖ ያንን ቁጥር ሲጽፍ የእርስዎን ጓዳ አላንኳኳም፤ እሱ ያለበትን ቤት ጓዳ ነው የፈለገው። ይህ አጋጣሚ አይደለም። በ192.168፣ በ10 እና ከ172.16 እስከ 172.31 የሚጀምሩት ቁጥሮች ለቤትና ለመሥሪያ ቤት የውስጥ አገልግሎት እንዲውሉ በ1996 እ.ኤ.አ. በይፋ ተለይተው የተቀመጡ ናቸው። በዓለም ላይ ስንትና ስንት ቤት ያንኑ ቁጥር ይጠቀማል፤ አንዱ ከሌላው ጋር አይጋጭም።

የእርስዎም ስልክ እንደ ልጅዎ ከቤት ውጭ ቆሞ ሊሆን ይችላል። እርስዎ ሳሎን ተቀምጠው፣ ስልኩ ግን በሲም ካርዱ ዳታ ወጥቷል። ብዙ ስልኮች ዋይፋዩ ሲደክም ወይም ኢንተርኔት ሲያጣ በራሳቸው ወደ ዳታ ይሻገራሉ። ዳታ ላይ ሆኖ ጓዳ መፈለግ መንገድ ላይ ቆሞ ጓዳ እንደ መፈለግ ነው። ስለዚህ ሞባይል ዳታዎን ያጥፉ። ቪፒኤን የሚባለው መተግበሪያ ካለም ያጥፉት፤ እሱም ጥያቄዎን ወደ ውጭ ይዞት ይወጣል። እኔ ከተጠራሁባቸው ቤቶች ስንቱ ዳታ በማጥፋት ብቻ እንደተፈታ ብነግርዎ አያምኑኝም።

አንድ ነገር ላስታውስዎ። የራውተሩ ገጽ እንዲከፈት ኢንተርኔት አያስፈልግም። መስመሩ ተቋርጦም፣ ጥቅሉ አልቆም ገጹ ይከፈታል። መብራት ብቻ ይኑር።

የጉግል ዝርዝር የመጣብዎት ደግሞ በአጻጻፍ ይመስለኛል። አራት ቁጥር ነው፣ በመካከላቸው ሦስት ነጥብ። ባዶ ቦታ አይግባ። ከፊቱ ደብልዩ ደብልዩ ደብልዩ አያስፈልግም። እኛ ዘንድ በብዛት የሚያጋጥመው ግን ሌላ ነው። የስልኩ ኪቦርድ አማርኛ ላይ ሆኖ ይጻፋል። ያን ጊዜ ነጥብ ብለው የነኩት አራት ነጥብ (።) ሆኖ ይወጣል። በትንሿ ስክሪን ላይ ልዩነቱ አይታይም። ብራውዘሩ፣ እንደ ክሮም ያለው ድረ ገጽ መክፈቻ፣ ግን ያየዋል፣ አድራሻ አይደለም ብሎ ወደ ጉግል ይወስደዋል። ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ይቀይሩና ቁጥሩን ከክሮም አናት ላይ ባለው ረጅም ሳጥን ውስጥ ይጻፉ። በገጹ መሀል ባለው የጉግል ሳጥን ውስጥ አይደለም።

ይህን ሁሉ አድርገው «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ቢመጣ አይደንግጡ። ለድረ ገጽ የመታወቂያ ወረቀት የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ በየቤቱ ላለ የጓዳ ቁጥር ግን መታወቂያ አይሰጡም። ስለዚህ ብራውዘሩ «ይህን አላውቀውም» ይላል። ቁጥሩ ከስልክዎ ጌትዌይ ጋር አንድ መሆኑን አይተው «አድቫንስድ» የሚለውን ነክተው ይለፉ። ይህን የምመክረው ለቤትዎ ራውተር ብቻ ነው። የባንክ ገጽ ላይ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ከመጣ ወዲያው ይውጡ።

ገጹ ሲከፈት ስምና ፓስወርድ ይጠይቃል። ይህ የዋይፋዩ ፓስወርድ አይደለም። ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። የዋይፋዩ ፓስወርድ የግቢው በር ቁልፍ ነው፤ ይህኛው የሳጥኑ የራሱ ቁልፍ ነው። ራውተሩን ገልብጠው ከሆዱ ላይ ያለውን ስቲከር ያንብቡ፣ ስሙም ፓስወርዱም ብዙ ጊዜ እዚያ አለ። በአሮጌ ራውተሮች ሁለቱም «አድሚን» ናቸው፣ በትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል። ስቲከሩ ላይ ያለው ካልሠራ ልጅዎን ይጠይቁት፣ ሲገጥመው ቀይሮት ይሆናል። እየገመቱ ደጋግመው አይሞክሩ። ብዙዎቹ ራውተሮች ከጥቂት ስህተት በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ይቆልፋሉ።

ከገቡ በኋላ ምንም ከመንካትዎ በፊት የሚያዩትን ገጽ ሁሉ በሌላ ስልክ ፎቶ ያንሱ። በተለይ «ዋን» ወይም «ኢንተርኔት» የሚለውን ገጽ። እሱን ይመልከቱት እንጂ አይንኩት፤ መስመርዎ ወደ ውጭ የሚወጣበት መረጃ ያለው እዚያ ነው። ፎቶውን ለማንም አይላኩ፣ ያስቀምጡት።

ፓስወርድ የሚቀየረው «ዋየርለስ»፣ «ዋይፋይ» ወይም «ደብልዩላን» በሚለው ገጽ ነው። ቢያንስ 8፣ ቢበዛ 63 ፊደልና ቁጥር ይቀበላል። በአማርኛ ፊደል አይሆንም፣ የግድ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። የዋይፋዩን ስም ግን በአማርኛ መጻፍ በብዙ ራውተር ይቻላል። ለስሙ የተፈቀደው ቦታ 32 ባይት ነው፤ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ከ10 ፊደል አይበልጥም። ፓስወርዱን የስልክ ቁጥርዎ አያድርጉት። ሁለት ሦስት የአማርኛ ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል አያይዘው ቁጥር ቢጨምሩበት ለእርስዎ ለማስታወስ ቀላል፣ ለሌላው ለመገመት ከባድ ይሆናል። የጥበቃ ዓይነት የሚለው ላይ «ደብልዩፒኤ2» ወይም «ደብልዩፒኤ3» መሆኑን ይዩ። «ደብልዩኢፒ» ከሆነ ይቀይሩት፣ እሱ ከተሰበረ ቆይቷል። «ደብልዩፒኤስ» የሚባለውን፣ ያለ ፓስወርድ በቁልፍ ወይም በፒን የሚያገናኘውንም ያጥፉት። የእሱ 8 አኃዝ ያለው ፒን ድክመት በ2011 እ.ኤ.አ. ይፋ ወጥቷል፤ ፒኑን ለማግኘት ቢበዛ 11,000 ያህል ሙከራ ይበቃል። ራውተርዎ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ ተብሎ ሁለት ስም ካለው ሁለቱንም ይቀይሩ። አንዱን ቀይሮ አንዱን መተው በር ዘግቶ መስኮት ክፍት መተው ነው።

«ሴቭ» ሲሉ ስልክዎ ወዲያው ይቋረጣል። ትክክል ነው፣ አልተበላሸም። ስልኩ ላይ የዋይፋዩን ስም «ፎርጌት» ብለው ያጥፉና በአዲሱ ፓስወርድ ይግቡ። ቴሌቪዥኑም በአዲሱ ይገባል። ልጅዎ በቪዲዮ እያየ እንዲረዳዎ ከፈለጉ በተከራይ ስልክ ዳታ ይደዋወሉና ገጹን በእርስዎ ስልክ ይክፈቱ። «ከሩቅ ልቆጣጠረው» ብሎ የርቀት መግቢያውን እንዲከፍት ግን አይፍቀዱለት። ለእሱ የተከፈተ በር ለማያውቁት ሰውም ይከፈታል።

አሁን ወደ ተከራዮቹ ጉዳይ እንምጣ። ፓስወርድ ቢቀይሩም በሁለት ወር ውስጥ እንደገና ይወጣል። ስልኮች አሁን ፓስወርዱን በካሬ ምስል ያሳያሉ፣ ሌላው በካሜራው አንስቶ ይገባል። ማንም ምንም መናገር አይጠበቅበትም። «እገሌን ከዝርዝሩ ላግደው» ማለትም ብዙ አያዋጣም። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ያሉ ስልኮች መለያ ቁጥራቸውን ለየዋይፋዩ እየቀያየሩ ስለሚቀርቡ የታገደው በሌላ ቁጥር ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ለእርስዎ የሚሻለው «ጌስት ኔትወርክ» የሚለው ነው፣ የእንግዳ ዋይፋይ ማለት ነው። ራውተርዎ ካለው ይክፈቱት። ዋናው ለቤተሰብ፣ የእንግዳው ለተከራይ። አንድ ተከራይ ሲለቅ የእንግዳውን ብቻ ይቀይራሉ፣ የቤትዎ ሰው አይነካም። በእንግዳው ዋይፋይ የገባ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ የራውተሩን ገጽ መክፈት አይችልም። እርስዎም ቀድሞ ልጅዎ በከፈተው የእንግዳ ዋይፋይ ገብተው ከሆነ ገጹ እምቢ ያለዎት በዚያ ሊሆን ይችላል፤ የገቡበትን የዋይፋይ ስም ይዩት። የሳጥኑንም ቁልፍ፣ ያንን «አድሚን» የሚለውን፣ ዛሬውኑ ይቀይሩት። ካልቀየሩት ማንኛውም ዋናው ዋይፋይ ላይ ያለ ልጅ ገብቶ እርስዎኑ ሊቆልፍብዎ ይችላል።

መንደራ አካባቢ አንድ ቤት ያየሁትን ልንገርዎ፣ ግቢው ከእርስዎ ጋር ይመሳሰላል። ባለቤቷ ፓስወርዱን ሦስት ጊዜ ቀይረዋል። ተከራዮቹ ግን አልተቋረጡም። ሳሎን ቆሜ ስልኬን ስጠይቀው ጌትዌዩ 192.168.1.1 አለኝ። ጀርባ ወዳለው ሰርቪስ ቤት ሄጄ ስጠይቀው 192.168.0.1 አለኝ። ሁለት የተለያየ በር። ጣራው ሥር ቀና ብዬ ሳይ አቧራ የለበሰች ትንሽ ነጭ ራውተር ምስማር ላይ ተንጠልጥላለች። የቀድሞ ተከራይ ሲግናል እንዲደርሰው ሰቅሏት ሄዷል። ከሳሎኑ ራውተር በኬብል ስለምትቀበል የዋይፋዩ ፓስወርድ ቢቀየር አይመለከታትም፣ የራሷን ፓስወርድ ነው የምትጠይቀው። እርስዎም ከተከራዮቹ ክፍል ሆነው ጌትዌዩን አንዴ ይዩት። ቁጥሩ ከሳሎኑ ከተለየ ሁለተኛ ሳጥን ሊኖር ይችላል።

የማታው መንቀራፈፍ በፓስወርድ ብቻ ላይፈታ እንደሚችልም ልንገርዎ። ገጹ ላይ የተገናኙ ስልኮች ዝርዝር አለ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ገብተው ይቁጠሩ። የቤትዎና የተከራዮችዎ ስልክና ላፕቶፕ ሲደመር 12 ሆኖ ዝርዝሩ 12 ካለ፣ ያልኩዎት ሁለተኛ ሳጥንም ከሌለ፣ ሌባ የለም፤ መስመሩ ለ12 አይበቃም ማለት ነው። 25 ካለ ግን ፓስወርዱ መውጣቱን አወቁ።

ሪሴቱን ለምን እንደከለከልኩዎ አሁን ግልጽ ይሆንልዎታል። ቀዳዳዋን 10 ሰከንድ ያህል ተጭነው ሲይዟት ሳጥኑ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል። የዋይፋዩ ስም ይጠፋል፣ ፓስወርዱ ይጠፋል። ይህ ችግር አልነበረውም። ችግሩ «ዋን» ያልኩዎት ገጽ ላይ ያለውም መጥፋቱ ነው። በብዙ ቤት መስመሩ የሚሠራው በተሰጠ የመለያ ስምና ፓስወርድ ነው። እሱን የጻፈው ገጣሚው ነው፣ ባለቤቱ አያውቀውም። ሪሴት ሲሆን ዋይፋዩ ይታያል፣ ስልኩም ይገናኛል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ስቲከሩ ላይ ይህ መረጃ አይጻፍም። አንድ ሻይ ቤት እንዲህ ሆኖ የውሉ ወረቀት እስኪገኝ ድረስ ቀናት ያለ መስመር ሲቀመጥ አይቻለሁ።

የሳጥኑ ፓስወርድ ፈጽሞ ካልተገኘ ሪሴት የመጨረሻው መንገድ መሆኑ አይቀርም። ያኔም መጀመሪያ የውሉን ወረቀት ይፈልጉ። መስመርዎ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ደውለው የመለያ ስሙንና ፓስወርዱን እንዴት እንደሚያገኙ ይጠይቁ፤ ሌላ ድርጅት ከሆነ ውል የገቡበትን ይጠይቁ። መረጃው እጅዎ ሲገባ፣ ያን ጊዜ ይጫኗት። ሲም የሚገባበት ራውተር ከሆነ ነገሩ ይቀላል፣ ብዙውን ጊዜ ከሪሴት በኋላ በራሱ ይነሳል።

ዝናቡንም ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈለግሁም። የጅማ ነጎድጓድ ራውተር ይበላል። ሰማዩ ሲጮህ ከሶኬት ይንቀሉት። መስመርዎ በመዳብ የስልክ ሽቦ የሚመጣ ከሆነ ሽቦውንም ይንቀሉ፣ መብረቁ በእሱም ይገባል። ፋይበር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ እሱን መንቀል አያስፈልግም፤ በእጅ ባይነካካም ይሻላል።

ይህን ሁሉ ሞክረው ካልተከፈተ ሦስት ነገር ይጻፉልኝ። ስልክዎ የሰጠዎትን የጌትዌይ ቁጥር፣ ስቲከሩ ላይ ያለውን የራውተሩን ሞዴል ስም፣ እና ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ እንዳለ። የስቲከሩን ፎቶ ከላኩ ፓስወርዱ ያለበትን ቦታ በጣትዎ ይሸፍኑት።